አምባሰል በፒያኖ፦ የግርማ ይፍራሸዋ ሥራ ለወሎ ጆሮ እንዴት ይሰማል?

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለልጆች ኪቦርድ አስተምራለሁ። ሐሙስ ዕለት አንዲት የ13 ዓመት ተማሪዬ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «ጋሼ፣ ፒያኖ አምባሰል ይችላል?» ብላ ጠየቀችኝ። አምባሰል ያለችው ቅኝቱን ነው፤ ዜማ የሚሠራበትን የአምስት ድምፆች አደራደር። አያቷ ቤት ሰርግ ነበረና ማሲንቆ ሲመታ ሰምታ ነው። በቃል ከማስረዳት ብዬ የግርማ ይፍራሸዋን «አምባሰል» ከፈትኩላት። ልጅቱ እንደ ቆመች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴም የስፌት መኪናውን አቁሞ መጣና መቀሱን በእጁ እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ሲያልቅ «አምባሰልስ አምባሰል ነው። ዘፋኙ ግን መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ስላደረ ነው እዚህ የጻፍኩት። ጎረቤቴ እውነቱን ነው። እኛ አምባሰልን የምናውቀው በሰው ጉሮሮ ነው። አምባሰል ሲባል ብዙዎቻችን ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ነው፤ መሣሪያው ከኋላ ሆኖ ይከተላታል። ግርማ ግን ዘፋኙንም አጃቢውንም በአሥር ጣቶቹ ላይ አስቀመጣቸው። ስለዚህ የሚጠበቅ ዘፋኝ የለም፤ ከመጀመሪያው ገብቷል።

ሰውየውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ግርማ እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው መሣሪያ ክራር ነው። ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄደ። እዚያ ሳለ የምሥራቅ አውሮፓ ሥርዓት ሲናድ ትምህርቱ ተቋረጠበት፤ ጣልያን ገብቶ ከቆየ በኋላ ወደ ሶፊያ ተመልሶ እስከ ማስተርስ ዲግሪ ዘለቀ። በ1995 አገሩ ገብቶ በዚያው በተማረበት በያሬድ አስተማረ። በኋላ ራሱን ለመድረክና ለድርሰት ሰጠ። በ2014 በአሜሪካ የታተመው የፒያኖ አልበሙ «እረኛው ባለዋሽንት»፣ «አምባሰል»፣ «ጨዋታ»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ» የተባሉ አምስት ሥራዎች አሉበት።

በአውሮፓ ልማድ ፒያኖ የሚጀመረው በአምስትና በስድስት ዓመት ነው፤ 16 ዓመት እንደ ዘገየ ይቆጠራል። እኔ ግን የእርሱን ሙዚቃ የሠራው ይህ መዘግየት ይመስለኛል። ፒያኖው ሲመጣ ጆሮው በክራር ተቃኝቶ ጠብቆታል። የአውሮፓዎቹን ደራስያን ሾፓንንና ደቢሲን የተማሩት ጣቶች ናቸው፤ ጆሮው ግን ቀድሞ የተያዘ ነበር።

ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፤ በተለይ ክራርና ማሲንቆ ለምትይዙ። አምባሰል ፒያኖ ላይ ሲወጣ አምባሰልነቱ ይቀራል ወይስ ይሄዳል?

ባለ ስድስት አውታር (ኮምቦልቻ)

ልጄ መምህር፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ክራር ከያዝኩ 40 ዓመት አልፎኛል። ሥራውን አሁን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሰውየው የተማረ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። የሚከነክነኝን ግን አልሸሽግህም።

ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው። አምባሰል ስቃኝ ሁለተኛዋን ድምፅ ወደ መጀመሪያዋ ጠጋ አደርጋታለሁ። ምን ያህል ብትለኝ በቁጥር አልነግርህም፤ ዘፋኙን አይቼ ነው። ዘፋኙ የሚያንጎራጉር ከሆነ ይበልጥ አስጠጋታለሁ፤ ሞቅ ያለ ከሆነ ትንሽ ላላ አደርግለታለሁ። አውታሩ እጄ ላይ ነው፤ ጨዋታው መሀል እንኳ ቁልፉን ዞር አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ፒያኖ ግን አንዴ ተለክቶ ተዘግቷል። ያቺ ሁለተኛዋ ድምፅ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ስሜት አንድ ናት። ለእኔ አምባሰል ያለው እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ ፒያኖው ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ አይደርስም።

ሰላም ነው (ደሴ)

ሥራው የት ይገኛል? ስሙን ብቻ ነው የማውቀው።

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

@ሰላም ነው፦ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ዩቲዩብ ላይ ፈልግ፤ የመድረክ ቅጂዎችም አሉ። በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ የግራ እጁ ይጠፋብሃል።

@ባለ ስድስት አውታር፦ ጋሼ፣ ስለ መለሱልኝ አመሰግናለሁ። ያሉት እውነት ነው። ፒያኖ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት 12 እኩል ቦታ ከፍሎ የተቀመጠ መሣሪያ ነው፤ በመሀል የምትገኝ ድምፅ የለችውም። ድምፅ ማጠፍም አይችልም፤ መዶሻው አውታሩን አንዴ ከመታ በኋላ ተጫዋቹ ድምፁን ወደ ሌላ ድምፅ ሊያስጠጋው አይችልም። ፒያኖ ያለው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ከዋናዋ ድምፅ በፊት በፍጥነት ነካ ተደርጋ የምትታለፍ ድምፅ ናት፤ ዘፋኝ ጉሮሮውን ሰበር ሲያደርግ የሚሰማውን ያህል ባይሆንም ጆሮን ወደዚያ ታስጠጋለች። ሁለተኛው ፔዳሉ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱ ተጎራባች ድምፆች አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀልጣሉ፤ እርስዎ በአውታር የሚያስጠጓትን ያቺን ድምፅ ፒያኖው በጭጋግ ይሸፍናታል።

ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ኪቦርድ ያላችሁ ሞክሩት። እነዚህን አምስት ቁልፎች ብቻ ንኩ፦ ዶ፣ ከዶ ቀጥላ ያለችው ጥቁር፣ ፋ፣ ሶል፣ ከሶል ቀጥላ ያለችው ጥቁር። ዜማችሁን ዶ ላይ ካሳረፋችሁ አምባሰል ነው። አሁን አንድም ቁልፍ ሳትለውጡ ዜማችሁን ፋ ላይ አሳርፉ። ትዝታ ውስጥ ገባችሁ፤ ማይነር የሚባለው፣ ያዘነው ትዝታ። አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ማረፊያው ነው።

የግርማን ሥራ ክብደት የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። ክራርና ድምፅ ብቻ ሲሆኑ ማረፊያውን ዘፋኙ ያውቀዋል፤ አድማጩም ያውቀዋል። ፒያኖ ላይ ግን ግራ እጅ አለ። ግራ እጅ ዝቅ ብሎ ፋ ላይ ትንሽ ከዘገየ አምባሰሉ ሳይታወቅ ትዝታ ይሆናል። የአውሮፓን የድምፆች ስምምነት ሕግ እንደ ወረደ ብናመጣ ደግሞ ይባስ ይበላሻል። የአውሮፓ ሙዚቃ ወደ ቤቱ የሚገባው ከታች ነው፤ ሲ የምትባለው ድምፅ ወደ ዶ ትገፋዋለች። አምባሰል ውስጥ ሲ የለችም። አምባሰል ወደ ቤቱ የሚገባው ከላይ ነው፤ ከዶ በላይ ካለችው ከዚያች ጥቁር ቁልፍ ቁልቁል፣ ልክ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው መንገድ። ሶፊያ ለዓመታት የተማረውን የመግቢያ በር ትቶ በዚህ በር መግባት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ስለ ቅኝት ሙያ የለኝም። ፋብሪካ ውስጥ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። መምህሩ የጻፉትን አንብቤ ትናንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት በእረፍት ሰዓታችን ግቢው ውስጥ ተቀምጬ «እረኛው ባለዋሽንት»ን ሰማሁ።

ልጅ ሆኜ ከብት ጠብቄአለሁ። ዋሽንት የሚነፋ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እርሱ ሲነፋ በአንድ ትንፋሽ የሚሄድበት ርቀት አለ፤ ከዚያ ይቆማል፤ ይተነፍሳል፤ በዚያች መሀል ከብቶቹ ሣር ሲነጩ ይሰማል። ከተማ ከገባሁ በኋላ በሰማሁት የዋሽንት ሙዚቃ ሁሉ ያቺን ዝምታ አላገኘኋትም፤ ዘፈኑ ከበሮ ስላለው ዝምታው ይሞላል። በዚህ ፒያኖ ላይ አገኘኋት። ሰውየው ዜማውን ይልና ይቆማል። ፒያኖ ሳንባ የለውም፤ ያለ እረፍት መሄድ ይችል ነበር። እርሱ ግን እረኛው እስኪተነፍስ ይጠብቀዋል።

ወንድሜ አሁን የለም። ደግሜ ሰማሁትና ወደ ሥራ ገባሁ።

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ፤ አብሽር። ስድስት ዓመት ሳስተምር ስለ ዝምታ ይህን ያህል የገባው ነገር ለተማሪዎቼ ተናግሬ አላውቅም። ሰኞ ከአንተ ተውሼ እነግራቸዋለሁ።

ሦስተኛ ዓመት (ደሴ)

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የግርማን ሥራ ለምን «ክላሲካል» ይሉታል? ፒያኖ ብቻውን ስለ ተጫወተ ነው? የፒያኖ ተጫዋቿና ደራሲዋ መነኩሲት የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ ሥራ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ «ጃዝ» ወይም «ብሉዝ» ተብሎ ነው የሚቀርበው። ሁለቱ ለእኔ ጆሮ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ክላሲካል፣ ሌላው ጃዝ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

የግሸን መንገደኛ (ደሴ)

እኔ ልመልስ። እማሆይን ጃዝ ማለት ስሕተት ነው፤ ይህንን በደንብ ማስረዳት ያለብን ደግሞ እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች ነን።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ሙዚቃን የጀመሩት እዚያ በቫዮሊን ነው። ጣልያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጃዝ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ? የተማሩት ሁሉ የአውሮፓ ክላሲካል ነው።

ከዚያ ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ዕድል ተከለከለ። ሐዘኑ ለሞት ሊያበቃቸው ነበር። በ19 ዓመታቸው ቤተሰባቸውን ጥለው ወዴት መጡ? እዚህ፣ ግሸን ማርያም። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ፅጌ ማርያም ተባሉ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ አምባ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ግሸን የምትገኘው ደግሞ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ነው። መስከረም 21 ቀን በኩታበር በኩል ወጥታችሁ የምታውቁ፣ ድንጋዩን ታውቁታላችሁ። እኔ ጫማ አድርጌ እንኳ እግሬ ሲደማ ነው የደረስኩት።

ኋላም ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ፤ ገቢውን ለችግረኛ ልጆች ሰጡ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱና እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ መጋቢት 2023፣ በ99 ዓመታቸው እዚያው ገዳም ኖሩ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 ሥራዎቻቸው በፈረንሳይ በሲዲ ሲታተሙ ነው፤ ያን ጊዜ ከ80 ዓመት አልፈዋል።

ጃዝ የሚያስመስላቸው የምት አያያዛቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ይቸኩላል፤ ደግሞ ይዘገያል፤ ግራ እጃቸው እንደ ዋልዝ ሲሄድ ቀኙ አይከተለውም። የውጭ አድማጭ ይህን ሲሰማ የሚያውቀው ጃዝ ስለ ሆነ ጃዝ ይለዋል። በገና ሲደረደር፣ ማኅሌት ሲቆም የሰማ ሰው ግን ይህ ልቅ የሆነ አረማመድ ከየት እንደ መጣ አይጠፋበትም።

ባለ ስድስት አውታር (ኮምቦልቻ)

ይህን አላውቅም ነበር። ግሸን አሥር ዓመት! እንዲህ ያለች ሴት አጠገባችን ኖራ ነው የማናውቃት?

ሦስተኛ ዓመት (ደሴ)

@የግሸን መንገደኛ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ግን «አሥር ዓመት አምባሰል ስለ ኖሩ ሙዚቃቸው አምባሰል ሆነ» ወደ ማለት እየሄድን እንዳይሆን። ግሸን ሲኖሩ መነኩሲት ነበሩ፤ ፒያኖውን ትተው ነው የመጡት። አምባሰል ወረዳ መኖርና አምባሰል ቅኝት መጫወት አንድ አይደለም።

የግሸን መንገደኛ (ደሴ)

ልክ ነህ፤ ቅኝቱን እዚህ ተማሩት አላልኩም፤ አልልምም። የምለው ሌላ ነው። ቫዮሊንና ፒያኖ የተማረች ወጣት አሥር ዓመት ያለ መሣሪያ፣ ጸሎትና ቅዳሴ ብቻ እየሰማች ከኖረች በኋላ ወደ ፒያኖ ስትመለስ ያው ሰው አትሆንም። እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ግን ሥራቸውን ስሰማ የሚሰማኝ ማንንም ለማስደሰት የማይቸኩል ሰው ነው።

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

በዚህ ላይ የኔን ልጨምር። «ክላሲካል» የሚያሰኘው ፒያኖው አይደለም። ሥራው በደራሲው ተወጥኖ፣ መነሻና መድረሻው ታስቦ፣ በኖታ ሊጻፍና ሌላ ተጫዋች ሊያነሳው የሚችል ሆኖ መቀመጡ ነው። የእማሆይ ኖታዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በኢየሩሳሌም በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ስለዚህ አንድ የጃፓን ወይም የብራዚል ተማሪ ዛሬ አንሥቶ ሊያጠናቸው ይችላል። ጃዝ ልቡ ያለው በዚያች ምሽት በሚፈጠረው ላይ ነው።

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ያልከው ግን እውነት ነው፤ መንገዳቸው ይለያይ እንጂ። እማሆይ ይጫወቱ የነበረው ለራሳቸው ነው፤ በር ዘግተው እንደሚጸልይ ሰው። ግርማ የመድረክ ሰው ነው። በአንድ ምሽት የአውሮፓ ደራስያንን ሥራ ተጫውቶ፣ ቀጥሎ የራሱን ያመጣል፤ አድማጩም ሁለቱን በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይሰማል። ይህ ድፍረት ነው። ከሾፓን ቀጥሎ አምባሰል ሲቀርብ አምባሰሉ በራሱ እግር መቆም አለበት። እንደ እኔ አመለካከት ይቆማል። አንዳንድ ቦታ የአውሮፓው ሮማንቲክ ጌጥ ይበዛብኛል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈሱት ድምፆች ዜማውን የሚያስጌጡትን ያህል የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ። ያም ሆኖ ዜማው መልሶ ይወጣል።

የሁለት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኪቦርድ ገዛንላት። የጀመረችው ከውጭ በመጣው የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉም የፈረንጅ ልጆች መዝሙር ነው። ትጫወተዋለች፤ ግን ስትጨርስ ተነሥታ ትሄዳለች። የኛን ቅኝት አሁን ብትጀምር መሠረቱ ይበላሽባታል ይላሉ። እውነት ነው?

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

እታለም፣ አይበላሽባትም። ግርማ ራሱ የሄደበት መንገድ መልስ ነው፤ መጀመሪያ ክራር፣ ቀጥሎ ፒያኖ። መጽሐፉን አታስጥያት፤ የጣት አቀማመጥና ኖታ ማንበብ ከዚያ ታገኛለች። በሳምንት አንድ ቀን ግን መጽሐፉን ዘግታ፣ አንቺ ሥራ እየሠራሽ የምታንጎራጉሪውን ዜማ በአንድ ጣት እንድትፈልገው አድርጊ። መንዙማም ቢሆን፣ የእንጉርጉሮ ዜማም ቢሆን። ስትሳሳት አታርሚያት፤ ጆሮዋ ያርማታል። ተነሥታ የማትሄድበትን ቀን ታዪዋለሽ።

ባለ ስድስት አውታር (ኮምቦልቻ)

መምህሩ ጋብዞኝ ዛሬ ቅዳሜ ክራሬን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ያየሁትን ልጻፍላችሁ፤ ሥራውን ነቅፌ ጀምሬ ዝም ብል ደግ አይሆንምና።

በመጀመሪያ ክራሬን እንደ ልማዴ በጆሮዬ አምባሰል ቃኘሁት። መምህሩ የመጀመሪያዋን አውታር ከፒያኖው ዶ ጋር አስተካከለና ሌሎቹን አንድ በአንድ አወዳደርን። አራተኛዋና የመጀመሪያዋ ልክ ገጠሙ። ሁለተኛዋ ከፒያኖው ጥቁር ቁልፍ ዝቅ ብላ ተገኘች፤ እንዳልኩት። አብረን ስንነካቸው ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አየህ?» አልኩት። «አየሁ» አለኝ።

ከዚያ የግርማን ሥራ ከፈተና «ጋሼ፣ ያቺን ድምፅ ብቻ ይከታተሉ» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ተከታተልኳት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስሰማ ያላስተዋልኩት ነገር አለ። ያቺ ድምፅ ስትመጣ እኔ ጆሮዬ ውስጥ ዝቅ አደርጋታለሁ። ፒያኖው የሚያሰማው ሌላ፣ እኔ የምሰማው ሌላ። ቤቷ ስለ ተጠበቀላት እኔ ራሴ ቦታዋ ላይ አስቀምጣታለሁ። ሰውየው ቅኝቱን በቁልፍ ማምጣት ባይችል አቅጣጫውን ጠብቆ አመጣልኝ፤ ቀሪውን እኔ ሠራሁት።

ይህ የሚሠራው አምባሰልን አስቀድሞ ለሚያውቅ ጆሮ ነው። አዲስ አበባም ይሁን ውጭ አገር ያለ፣ ክራርን በሕይወቱ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ያቺን ድምፅ ማን ዝቅ ያደርግለታል? እርሱ አምባሰል ማለት የፒያኖው አምባሰል ይመስለዋል። ስለዚህ መምህር፣ ልጆቹን ፒያኖውን ከማሰማትህ በፊት ክራሩን አሰማቸው። እኔ በወር አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ። ገንዘብ አልፈልግም፤ ቡና ይበቃኛል።

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናው ከነ ጀበናው ይጠብቅዎታል።

ያልጻፉትን እኔ ልንገራቸው። ጋሼ ሊሄዱ ሲነሡ ያቺ ጠያቂዋ ተማሪዬ ገባች። ክራሩን ስታይ እጇን ወደ ኋላ አደረገች፤ መንካት ፈርታ። ጋሼ ክራሩን ጭኗ ላይ አኑረው መግረፊያውን አስያዟትና ሁለተኛዋን አውታር ብቻ እንድትመታ አደረጉ። እርሷ ስትመታ እርሳቸው ቁልፉን በቀስታ ያዞሩ ነበር፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደ ገና ዝቅ። «ስትደርስ ንገሪኝ» አሏት። ልጅቱ አንገቷን ወደ አውታሩ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። አራተኛው ላይ «እዚህ ጋ!» አለች። ጋሼ ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡና እኔን ተመለከቱ።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ነበር።

ሰላም ነው (ደሴ)

የሚቀጥለው ቅዳሜ መቼ ነው? ልጆች ብቻ ናቸው የሚገቡት?

የፒያሳው መምህር (ደሴ)

የዛሬ አራት ሳምንት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ለሁሉም ክፍት ነው፤ ወንበር ስለሚያንሰን በርጩማ ያለው ይዞ ይምጣ። ቦርከና ዳር፣ ፈረቃህ ከፈቀደልህ አንተም ና፤ «እረኛው ባለዋሽንት»ን አብረን እንሰማዋለን።